የመጽሐፍ ምርቃት

ገበያ የወጣ ሰው ሽንኩርቱን አስመዝኖ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ወዲያው አይሄድም። «ምርቃቱስ?» ይላል። ባለሽንኩርቷ ትንሽ ታጉረመርማለች፤ «ኧረ ከሰርኩ!» ትላለች። ቢሆንም ሁለት ራስ ሽንኩርት ወይም ሦስት ፍሬ ቃሪያ ዘንቢሉ ውስጥ ጣል ሳታደርግ አትሸኘውም። ለዚያች ጭማሪ ገንዘብ አልተከፈለም። ሰውየውም ከቤቱ ሲወጣ ቃሪያ አላሰበም። ነገር ግን ማታ ከራት ጋር ቀምሷት ከጣመችው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቃሪያዋን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምርቃት የሚለው ቃል ብዙ ሥራ እንዳለበት ታውቃለህ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲባርክ ምርቃት ነው። ተማሪ ጥቁር ካባ ለብሶ ትምህርቱን ሲጨርስም ምርቃት ነው። አዲስ መጽሐፍ ወጥቶ፣ ሰው ተጠርቶ፣ ንግግር ሲደረግም የመጽሐፍ ምርቃት ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሳው የባለሽንኩርቷን ምርቃት ነው፤ በሥነ ጽሑፋችን ገበያ የጎደለው እሱ ይመስለኛልና። ስማቸው የገነነ ደራስያን መጽሐፍ ባሳተሙ ቁጥር፣ ከበስተኋላው ጥቂት ገጾች ለማይታወቅ ጸሐፊ ቢለቁለትስ? ስለ እሱ እንዲጽፉ አልጠይቅም። እንዲያመሰግኑትም አልጠይቅም። የሱን አንድ ግጥም ወይም አንድ አጭር ታሪክ ከነስሙ ያትሙለት። ነገሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ለምን እንዲህ እንዳልኩ ማስረዳት ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነው። ከዓመት በፊት እናቱ አንዲት ጊደር ሸጠው የላኩለትን ገንዘብ ከራሱ ጥሪት ጋር ደምሮ የግጥም መጽሐፍ በ300 ቅጂ አሳተመ። መጽሐፏ ቀጭን ናት። ከግጥሞቹ አንዱ፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ የቤቱ በሬ የጌታውን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን ወደ በሩ አዙሮ ስለማደሩ ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ በሬ እንደ ሰው በስሙ እንደሚጠራ እንኳ የተማርኩት ከዚያ ግጥም ነው። ሆኖም ግጥሙን ባነበብኩ ቁጥር የሆነ ነገር ጉሮሮዬን ይዞ አላናግር ይለኛል።

ታዲያ ከ300ው ስንቱ ተሸጠ? አርባ ያህሉን እኛው ጓደኞቹ ወሰድን፤ ከወሰድነውም መካከል የከፈልነው ጥቂቶች ነን። የቀረው በካርቶን ሆኖ አልጋው ሥር ገባ። ወለሉ ሲታጠብ ካርቶኑ አልጋ ላይ ይወጣል፤ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንድ ክፍል ልጆች ደግሞ አንዳንዴ ጎተት ያደርጉትና የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያደርጉታል።

አንድ ቀን ሁለታችን አሥር አሥር ቅጂ ታቅፈን የመጻሕፍት መደብሮችን ዞርን። አንድ ባለመደብር፣ ደግ አዛውንት ናቸው፣ መጽሐፏን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልን። «ልጆቼ፣ ግጥሙ መጥፎ ነው አላልኩም» አሉን። «እኔ አላነበብኩትም። ያላነበብኩት ደግሞ ስሙን ስለማላውቀው ነው። ገዢውም እንደኔው ነው።» ሰውየው አልዋሹም። እንዲያውም በዚያ ቀን ከሰማነው ሁሉ ትክክለኛው ነገር የሳቸው ነበር። ጓደኛዬ ስለማይታወቅ አይነበብም፤ ስለማይነበብም አይታወቅም። እንቁላል ወይስ ዶሮ ይቀድማል እንደሚባለው ጨዋታ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ እንቁላሉን የታቀፈው ሰው መራቡ ነው።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት እስከ ዛሬ ሲሠራበት የኖረ መላ አለ። ጀማሪው ወደ አንጋፋው ይሄዳል፤ ደጅ ይጠናል፤ አንጋፋው መቅድም ይጽፍለታል። ወይም በመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ አራት መስመር አስተያየት ይሰጠዋል። ወይም በምርቃቱ ዕለት መድረክ ላይ ወጥቶ ጥቂት ደግ ቃል ይናገርለታል። እኔ ይህን አልንቅም። ጊዜያቸውን ሰውተው የጀማሪ ረቂቅ ያነበቡ፣ ያረሙ፣ መቅድም የጻፉ አንጋፎች ብዙ ናቸው፤ ይመስገኑ። ነገር ግን መላው ሁለት ቀዳዳ አለው።

አንደኛው ቀዳዳ ቃሉ ማለቁ ነው። እስቲ የጀርባ ሽፋኖችን ደርድረህ አንብባቸው። ተስፋ የሚጣልበት ብዕር፤ ወደፊት ብዙ የምንጠብቅበት ወጣት፤ ቋንቋው እንደ ወንዝ የሚፈስ። ሁሉም ሰው ተስፋ የሚጣልበት ከሆነ ተስፋው በማን ላይ ተጥሎ ያልቃል? አንባቢ ሞኝ አይደለም። የጀርባ ሽፋን ምስጋናን እንደ ሠርግ ቤት ሙገሳ ቆጥሮ ማለፍ ከለመደ ቆይቷል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ይብሳል። መቅድሙ ያለው የት ነው? ምስጋናውስ የታተመው የት ላይ ነው? በዚያው ማንም ባልያዘው መጽሐፍ ላይ! የአንጋፋውን ቃል ለማንበብ መጀመሪያ የማይታወቀውን መጽሐፍ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያን የሚያነሳ ሰው ቢገኝማ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ተቃለለ ማለት ነበር። የጓደኛዬ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የፈለገው ሊቅ ቢፈርምበት፣ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ለማን ይታያል?

ይህን ከኛ በፊት የሞከረው አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳትሞ በጊዜው ስመ ጥር ለነበረው ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ላከለት። ኤመርሰን ከልቡ ተደስቶ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። ዊትማን ምን አደረገ መሰላችሁ? በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ፣ ከዚያ የግል ደብዳቤ አንድ ዐረፍተ ነገር መዝዞ፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጠርዝ ላይ ከነኤመርሰን ስም በወርቅ ቀለም አሳተመው። የዛሬው የጀርባ ሽፋን ምስጋና አያት ይኸው ነው ይባላል። ያም ሆኖ ያ እትም ገበያ አላገኘም። ዊትማን ኋላ ዓለም ያወቀው ትልቅ ገጣሚ ሆነ፤ የሆነው ግን በወርቁ ጽሑፍ አልነበረም።

ስለዚህ ትልቁን ስም በትንሹ መጽሐፍ ላይ መለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ትንሹን ስም በትልቁ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው አንባቢው ወደ ካርቶኑ እንዲመጣ እንለምነዋለን። በሁለተኛው ግጥሙ ራሱ አንባቢው ወዳለበት ይሄዳል።

ይሄ ደግሞ ለኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚባለውን የብራና መጽሐፍ እንውሰድ። ውስጡ ያለው የዳዊት መዝሙር ብቻ አይደለም። ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው ተጠርዘውበታል። አያቶቻችን «ዳዊት ደገምኩ» ሲሉ ያንን ሁሉ ይዘው ነው። ትልቁ መጽሐፍ ሌሎቹን በጀርባው አዝሎ ከቤት ቤት አዞራቸው። በየገዳሙ ያለውን የወንጌል ብራና ደግሞ እዩ። ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የውል ቃል፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። ወንጌሉ ላይ የተጻፈው ወንጌል ስለሚከበርና በጥንቃቄ ስለሚጠበቅ ነው። ተራ ብጫቂ ላይ ቢጻፍ አይጥ ይበላው ነበር። ዛሬ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ድሮው የመሬት ሥሪት የሚያውቁት ብዙ ነገር የተገኘው ከነዚያ ባዶ ቅጠሎች ነው።

ወደ ማተሚያው ዘመን እንምጣ። ቅኔ በባሕሪው አላፊ ነው። ባለቅኔው በማኅሌቱ ቆሞ አንዴ ይቀኘዋል፤ ሰሚ በቃሉ ካልያዘው እዚያው ይቀራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔን ሲያሳትሙ የራሳቸውን ስም ለማግነን አልነበረም፤ ስማቸውማ በሹመትም በብዕርም የታወቀ ነበር። መጽሐፉ በርዕሱ እንደሚናገረው የቀደሙትና የኋለኞቹ ሊቃውንት ቅኔ ነው። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. የወጣውን የቅኔ መጽሐፋቸውን ዝክረ ሊቃውንት ብለውታል፤ የሊቃውንት መታሰቢያ ማለታቸው ነው። ከነዚህ መጻሕፍት ባለቅኔዎች ውስጥ ራሱ መጽሐፍ አሳትሞ አንባቢ ዘንድ ሊደርስ ይችል የነበረው ስንቱ ነው? ብዙዎቹ እኛ ዘንድ የደረሱት ስም ያለው ሰው መጽሐፉን ስለከፈተላቸው ነው።

መንግሥቱ ለማም አለ። በግጥሙና በተውኔቱ የታወቀው ይህ ደራሲ አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ያጫወቱትን በጽሑፍ ይዞ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ብሎ አሳተመው። አለቃ ለማ በሊቅነታቸው በቤተ ክህነት የታወቁ ነበሩ፤ የልቦለድና የተውኔት አንባቢ ግን ከየት ያውቃቸዋል? በልጃቸው ብዕር በኩል ገቡ። እሳቸውም ብቻቸውን አልገቡም፤ የመምህሮቻቸውን ወግና የብዙ ባለቅኔዎችን ስምና ቅኔ ይዘው ነው የገቡት። አንዱ በር ሲከፈት ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ እንደሚገባው ማለት ነው።

አሁን ከአገር እንውጣና ይህን ነገር እንደ መደበኛ ሥራ ወደ ያዘው ሰው እንሂድ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ቲንግስ ፎል አፓርት የተባለውን ልቦለዱን ለንደን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። መጀመሪያ የታተመው 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አሳታሚው ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍትን ሲጀምር፣ የአቼቤን መጽሐፍ በርካሽ ሽፋን አሳትሞ ቁጥር 1 አደረገው፤ አቼቤንም አማካሪ አርታዒ አድርጎ ሾመው። አቼቤ ይህን ሥራ ለአሥር ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 100 ያህል መጻሕፍት ወጡ። ከነዚያ ደራስያን ብዙዎቹን ከየመንደራቸው ውጪ የሚያውቃቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 ካምፓላ በሚገኘው በማከሬሬ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። እዚያው ይማር የነበረ አንድ ኬንያዊ ወጣት ረቂቁን ይዞ አቼቤ ዘንድ ሄደ። ያ ወጣት ኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተብሎ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ዊፕ ኖት ቻይልድ የተሰኘው መጽሐፉም በ1964 በዚያው ተከታታይ ታተመ። እስቲ አስቡት! እንደኛው ተማሪ ነው፤ እንደኛው በእጁ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚያነብለት አንጋፋ ማግኘቱ ነው።

እኔን የነካኝ ግን ይሄ ትልቁ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት ያቼቤ መጽሐፍ አለኝ። ሽፋኑ ብርቱካንማ ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል። በዚያ ተከታታይ ውስጥ የወጡ መጻሕፍት ዝርዝር እንደ ስም መጥሪያ በቁጥር ተደርድሮበታል። ጣቴን እያስሄድኩ ስወርድ ቁጥር 52 ላይ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፣ ዘ አፈርሳታ ይላል። ቁጥር 125 ላይ ዳኛቸው ወርቁ! እኔ ዳኛቸውን የማውቀው በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው በአደፍርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያወጣው ልቦለድ እንዳለ የነገረኝ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ትምህርት አይደለም፤ አንድ ናይጄሪያዊ መጽሐፍ ውስጥ ያለ የስም ዝርዝር ነው። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፉን አስወጣሁ።

ልብ በሉ፣ እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ቃል ምስጋና የለም። ስም፣ ርዕስ፣ ቁጥር፤ አለቀ። ያም ሆኖ አንድ ያዲስ አበባ ተማሪ እጁን አስዘርግቶ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አስወረደ። ስም ብቻውን ይህን ካደረገ፣ ሙሉ ግጥም ቢኖርበትስ?

መልሱን ካንድ መጽሐፍ አዟሪ ተማርኩት። ከባለመደብሩ መልስ በኋላ ጓደኛዬ ተስፋ ቆርጦ ሳለ፣ ለገሃር አካባቢ መጽሐፍ ከወገቡ እስከ አገጩ ቆልሎ የሚዞር ልጅ አገኘንና ለመንነው። «አምስት ፍሬ ስጡኝ፤ ከሸጥኩ እከፍላለሁ፤ ካልሸጥኩ ትወስዳላችሁ» አለን። በሁለት ሳምንቱ አራቱን ሸጦ መጣ። እንዴት ብሎ እንደሸጠ ስጠይቀው ሣቀብኝ። «ሰው ፍቅር እስከ መቃብርን ወይ ኦሮማይን ይገዛል። ድፍን ብር ይሰጠኛል። መልስ እስክቆጥር ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል አይደል? ያኔ የናንተን መጽሐፍ በሬው ያለበት ገጽ ላይ ገልጬ አስይዘዋለሁ። በቃ! ሲጨርስ አንዳንዱ ‹ይቺስ ስንት ናት?› ይላል።»

አየህ አንባቢዬ፣ ይህ ልጅ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይደለም፤ ግን ነገሩን ከኛ በላይ ገብቶታል። አንባቢ ልቡን የሚከፍተው ለሚያምነው ስም ነው። ልቡ በተከፈተባት በዚያች ቅጽበት፣ ኪሱም እጁም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ድምፅ ቢሰማ ያዳምጣል። «ይህን ልጅ አንብቡት፣ ጎበዝ ነው» ማለት አላስፈለገውም። ገጹን ገልጦ ማስያዝ በቃው።

አሁን ወደ ባዶ ገጾቹ ልመለስ። የማተሚያ ቤት ሰዎች እንደሚያውቁት መጽሐፍ የሚታተመው ገጽ በገጽ አይደለም። በሰፊ ወረቀት ላይ ብዙ ገጽ ባንድ ላይ ይታተምና ወረቀቱ ይታጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ እጥፋት 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ 230 ገጽ የሆነ ልቦለድ 15 እጥፋት ይፈልጋል። አሥራ አምስት ጊዜ 16 ደግሞ 240 ነው፤ አሥር ገጽ ተረፈ ማለት ነው። የመጨረሻው እጥፋት በግማሽ ተቆርጦ 8 ገጽ ብቻ ቢጨመር እንኳ ሁለት ገጽ ባዶ ይቀራል። አልጋዬ አጠገብ ካሉት ያማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹን ከበስተኋላ ገልጬ አይቻቸዋለሁ። ባዶ ነጭ ወረቀት አለባቸው፤ አንዳንዱ ላይ «ማስታወሻ» ተብሎ መስመር ተሠምሮበታል። ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ደራሲውም አንባቢውም ዋጋ የከፈሉበት ገጽ ምንም ሳይናገር መደርደሪያ ላይ ይተኛል። የጓደኛዬ የበሬ ግጥም ሁለት ገጽ ናት።

ነገሩ እንዲሠራ ግን ጥቂት ደንብ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ነገር፣ ሥራው ራሱ ይታተም እንጂ ስለ ሥራው የሚወራ ምስጋና አይታተም። ካስፈለገ የጸሐፊው ስም፣ መጽሐፍ ካለውም ርዕሱና የት እንደሚገኝ በአንድ መስመር ይገለጽ። ሁለተኛ፣ አንጋፋው ግጥሙን በራሱ አፍ አያናግረው፤ የፊደል ግድፈት ያርም፣ ከዚያ ያለፈውን ግን ካልወደደው አይምረጠው። ሦስተኛ፣ ሥራው የጸሐፊው ሆኖ ይቅር፤ ነገ በራሱ መጽሐፍ ሲያወጣው ከልካይ እንዳይኖርበት በጽሑፍ ይስማሙ። አራተኛ፣ ባንድ መጽሐፍ አንድ ጸሐፊ ብቻ ይግባ። አሥር ሰው ከታጨቀበት እንደገና ዝርዝር ይሆንና አንባቢው ማንንም ሳያስታውስ ይዘጋዋል። ባለሽንኩርቷም ብትሆን ምርቃቱን በኩንታል አትሰጥም።

የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ገና ሐሳቡን ሳነሳ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ይሄ በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ረጅም ነኝ ማለት ነው» ብሎ ሞገተኝ። ደራሲ ከሆነ በራሱ እግር ይቁም፣ አንጋፋ ደጅ መጥናት የጌታና የሎሌ ዘመን ነገር ነው ባይ ነው። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያዳምጣል፣ ያርማል፣ ሲጣፍጠው ያመሰግናል። ይህን ሎሌነት ያለው ማንም የለም። ሎሌነት የሚመጣው ጀማሪው የአንጋፋውን ምስጋና ሲለምን ነው። እኔ የምለው ምስጋና አይለመን፣ ገጽ ብቻ ይሰጥ ነው። አንባቢው ያንን ገጽ አንብቦ ቢጥለው መብቱ ነው፤ ጀማሪውም ቢያንስ ተነብቦ ተጣለ። ሳይነበቡ መጣልና ተነብቦ መጣል አንድ አይደሉም።

ሌላው ደግሞ «አንባቢው ብሩን የከፈለው ለዝነኛው ነው፤ ያልፈለገውን ሰው ለምን ታሸክመዋለህ?» ይለኛል። እኔስ ያለ ገጹ ማን አስገባልኝ? ምርቃቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ሙሉ ከተመዘነ በኋላ ነው። ከታሪኩ አንድ ገጽ ተቀንሶ ይሰጥ አላልኩም። ታሪኩ አልቆ፣ አንባቢው መጽሐፉን ከመዝጋቱ በፊት ከሚያገኘው ባዶ ወረቀት ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። «እናንተ አታውቁም እንጂ፣ ያ ገጽ ላንጋፋው የእኅት ልጅ ይሰጣል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ይህ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ያደርገዋል። ሆኖም የእኅቱ ልጅ ግጥም ደካማ ከሆነ፣ የታተመው በአንጋፋው በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ነውና አንባቢው የሚታዘበው ማንን ነው? የጀርባ ሽፋን ላይ በሰው መጽሐፍ ውሸት መጻፍ ቀላል ነው፤ በገዛ መጽሐፍ ውስጥ ድንጋይ መክተት ግን የራስን ጥርስ ይሰብራል። ስለዚህ ከሌላው መላ ሁሉ ይልቅ በዚህኛው ላይ ሰው ይጠነቀቃል ብዬ አምናለሁ።

«ዛሬ በስልክ ሁሉም ሰው ግጥሙን ይለጥፋል፤ ለምን ትለፋለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። ጓደኛዬም ሞክሮታል። እዚያ ያነበቡት ቀድሞም የሚያውቁት ናቸው፤ አርባው መጽሐፍ የደረሰን ሰዎች መሆናችን ነው። ችግሩ ግጥሙን የማውጫ ቦታ ማጣት አይደለም። ችግሩ የማያውቀው ሰው ቆም ብሎ የሚያይበት ምክንያት ማጣት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለክርክር ያህል አይደለም። ጓደኛዬ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፈም። ድሮ ማታ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልኩ ብርሃን ሲጽፍ አገኘው ነበር፤ አሁን በጊዜ ይተኛል። «ለምን አትጽፍም?» ስለው አይቆጣም፤ አያዝንምም። «ለማን?» ይለኛል። ባንዲት ቃል። ይቺ ቃል ከየትኛውም የሐያሲ ዱላ ይልቅ ደራሲ ትገድላለች። ክፉ ሒስ የደረሰበት ሰው ተናዶ ይጽፋል። ማንም ያላነበበው ሰው ግን ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ይተዋል፤ መተዉንም የሚያይ የለም፤ መኖሩን ያየ የለምና። እናቱ በስልክ «መጽሐፍህ እንዴት ሆነ ልጄ?» ባሉት ቁጥር «ደህና ነው እማ» ይላቸዋል። ጊደሯ ተሸጣለች። ግጥሙ ግን የተሸጠችበትን ቦታ ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። አንደኛው ለኛው ለተማሪዎች ነው። እነሆ ይህቺ በማባዣ የምትወጣ፣ ቀለሟ እጅ የምታቆሽሽ መጽሔታችን ስንቱን ስም አሳየችን! ከኛ መካከል ነገ ስሙ የሚገን፣ መጽሐፉ በአዟሪ ክምር አናት ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ስለማናውቅ፣ ሁላችንም ከአሁኑ ቃል እንግባ፦ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው መጽሐፋችን ሲወጣ፣ ከበስተኋላው ሁለት ገጽ ሰው ለማያውቀው ሰው እንለቃለን። ዛሬ ቃል መግባት ቀላል ነው ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ሳለ እንግባው፤ ስም ከመጣ በኋላ ይከብዳል።

ሁለተኛው ለእናንተ ለአንጋፎቹ ነው። መጽሔታችን እጃችሁ ድረስ መድረሷን እንጃ፤ አንዳንድ መምህሮቻችን ግን ያውቋችኋልና ያደርሱልን ይሆናል። መቅድም ጻፉልን ብለን ደጃችሁን አናንኳኳም። ስማችሁንም አንዋስም። የሚቀጥለው ረቂቃችሁ ማተሚያ ቤት ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፤ ስንት ገጽ ባዶ ይቀራል በሏቸው። ሁለት ከቀረ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ገጽ የምትሞላ የበሬ ግጥም አለች።